ቀጭኑ መጽሐፍና ወፍራሙ መጽሐፍ

ባለፈው ሳምንት ኩታበር ቀብር ደርሼ ስመለስ በቀጥታ ቤቴ መግባት አልሆነልኝም። ከለቅሶ የተመለሰ ሰው ቤቱ ይከብደዋል። ባጃጁን ደሴ ፒያሳ ላይ አስቆምኩና አንድ ሻይ ቤት ገብቼ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። የሻዩን ዋጋ አልነግራችሁም፤ ያስለቅሳል፤ እኔ ደግሞ የዚያን ቀን ዕንባዬን ጨርሼ ነበር። ዞር ስል የልጅ ልጄ ናትናኤል ከጓደኞቹ ጋር አንድ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ወረቀት ተበትኗል፣ እርሳስ አለ፣ መሀል ላይ ደግሞ ባለ ብዙ ፊት፣ ባለ ቀለም ጠጠሮች። አንዱ ልጅ ትልቁን፣ ባለ ሃያ ፊቱን፣ መዳፉ ውስጥ አሸት አሸት አድርጎ ጣለው። ጠጠሩ ጠረጴዛው ላይ ሲንከባለል ድምፁን አወቅኩት። ያን ድምፅ ከደርግ ጊዜ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

ናቲ አየኝና አፈረ፤ ልቆጣው የመጣሁ መሰለው። ጨዋታ መሆኑን፣ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ጀግና እንደሚይዝ፣ አንዱ ልጅ ደግሞ አጫዋች ሆኖ ዋሻውንና ጭራቁን እንደሚተርክ፣ ሰይፍ መሳትና አለመሳቱን ጠጠሩ እንደሚወስን ያስረዳኝ ጀመር። «እማማ፣ እርስዎ እንኳ አይገባዎትም» አለኝ። ይኼ ትውልድ ዓለም የተፈጠረችው እሱ ስልክ የያዘ ዕለት ይመስለዋል። አዳመጥኩት። ከመሀላቸው የአንዷ ልጅ ጀግና ገና አሁን በጭራቅ ተመትቶ ወድቋል፤ ልጅቷ ግን ኬኳን ትበላለች። አላዘንሽም ወይ ብላት ሳቀችብኝ። ይነሳል አለች። ጠጠር ይጥላል፣ ከቀናው ይተርፋል፣ ጓደኛም ያነሳዋል፣ ከዚያ አንድ ሌሊት ከተኛ ነፍሱ ሙሉ ትሆናለች። «አንድ ሌሊት ተኝቶ?» አልኩ። ሳቄ መጣ፤ ከሳቁም ጋር ሌላ ነገር መጣ። በእኛ ጊዜ በአንድ አይጥ ንክሻ እንሞት ነበር ብላቸው፣ ልጆቹ ሁሉ እርሳሳቸውን አስቀምጠው አፈጠጡብኝ።

ያኔ ኮምቦልቻ ነበርን። ከቦርከና ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ቆርቆሮው የዛገ ቤት ነበረን፤ በር ላይ የዘይቱን ዛፍ ነበር። ስለዚያ ዘመን ብዙ ሰው ብዙ ክፉ ነገር ያወራል፤ ልክ ነው። እኔ ግን ስለ ዘመኑ ስጠየቅ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የኮንጎ ጫማዬ ነው፤ ሰማያዊ፣ ፀሐይ ሲመታው እግር የሚጠብስ። የወንድሜ የኤልያስ ሱሪ ነው፤ ከእርዳታ ልብስ የተገኘ፣ ከታች የሰፋ፣ ሲራመድ መንገዱን የሚጠርግለት። ቅዳሜ ደሴ ስንወጣ አውቶብሱ ያን ጠመዝማዛ ዳገት እያቃሰተ ሲጨርሰው ብርዱ በመስኮት ገብቶ ጆሯችንን ይይዘን ነበር። ጦሳ ተራራ ራሱን በደመና ሸፍኖ ይጠብቀናል። ፒያሳ የካሴት ሱቁ በር ላይ ድምፅ ማጉያ ነበረ፤ አምባሰል ሲለቀቅ ዕቃ የተሸከመው ሰው እንኳ ሸክሙን ሳያወርድ ቆሞ ይሰማል። ትኩስ ጮርናቄ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ወረቀቱን ዘይት ያርሰዋል፣ ወረቀቱንም እንልሰው ነበር። ዛሬ ያ የካሴት ሱቅ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። ድምፅ ማጉያው ግን አሁንም አለ።

አባታችን እንግሊዝኛውን ከሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነው፤ በዚያ በክፉው ድርቅ ጊዜ ለእርዳታ ፈረንጆች ያስተረጉም ነበር። እኛ ጴንጤ ነን። ጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር በየቤቱ በሹክሹክታ ነበር የምንዘምረው። አባዬ አንድ ቀን አንድ ፈረንጅ ይዞ መጣ፤ የእርዳታ መኪና የሚጠግን፣ በራችንን ጎንበስ ብሎ የሚገባ ወጣት። ስሙ አፋችን ላይ ስላልገባ «ረጅሙ» አልነው። መኪና በማይመጣበት ቀን ሥራ ይፈታል፤ ሥራ ሲፈታ እኛ ቤት ይመጣል። እሱ ነው ያን ጨዋታ በሣጥን ይዞ የመጣው። ቀጭን መጽሐፍና ጠጠሮች። እማዬ ጠጠሮቹን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ልጆቿ ጠጠር ጣይ ጠንቋይ ሊሆኑባት ነው። አባዬ ብዙ አስረዳት። እሷ ግን እስከ መጨረሻው ጠጠር ሲንከባለል «በኢየሱስ ስም» ማለቷን አልተወችም።

የኤልያስ ነፍስ ጓደኛ ሰይድ ነበር። የኩታበር ገበሬ ልጅ፣ ኮምቦልቻ ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ ዝምተኛ። ሲናገር ግን ሰው ፀጥ ብሎ የሚሰማው ልጅ ነበር። እሱም በበኩሉ ቁማር እንዳይሆንበት ሰጋ፤ ገንዘብ እንደሌለበት ሲያውቅ ነው ጠጠሩን የነካው። ከነካው በኋላ ግን አጫዋችነቱን ከረጅሙ ተረከበ፤ እንዲህ ያለ አጫዋች እስከ ዛሬ አላየሁም። በደረቅ ቀን «ዋሻው አፍ ላይ ደረሳችሁ። ከውስጥ እርጥብ አፈር ይሸታል» ሲል የእውነት ይሸተን ነበር። ዳቦ በወረፋ፣ ስኳር በቀበሌ ካርድ፣ ከከተማ መውጣት በፈቃድ በነበረበት ጊዜ፣ እኛ በአንድ ልጅ ድምፅ ተራራ እንሻገር ነበር። አሁን ድረስ ይገርመኛል።

ነገር ግን ያ ቀጭኑ መጽሐፍ ጨካኝ ነበር። ነፍስ በቁጥር ነው የሚሰጠው፣ በተመታህ ቁጥር ይቀነሳል፤ የእኔዋ ጠንቋይ እንኮዬ የምትባል፣ ነፍሷ ሦስት ብቻ ነበረች። ሦስት! አይጥ ሁለቴ ነክሷት ሞተች። የኤልያስ ወታደሮች ሁሉ ስማቸው ጎበዜ ነበር፤ አንዱ ጎበዜ ሲሞት ስም ላለመጨነቅ ሌላ ጎበዜ ያመጣል። ነፍስህ ዜሮ ከገባች አለቀ። መነሳት የለ፣ ማዳን የለ። ስለዚህ ጭራቅ ስናይ መጀመሪያ የምናደርገው መደበቅ ነበር፤ ከዚያ መለመን፣ ከዚያ መሸሽ። ሰይፍ የምንመዘው ሌላ ሁሉ ሲያልቅ ነበር።

በዚያ ላይ የራሳችንን ስሕተት ጨመርንበት። መጽሐፉ ጀግናው ከሞተ በኋላ ሬሳው ምን እንደሚሆን አይናገርም። እኛ የወሎ ልጆች ነን፤ ቅሬ የምንለው የሠፈር ዕድር ያሳደገን። ሰው ሲሞት ለፋፊው ይጮኻል፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አካፋውን ይዞ ይወጣል፤ ማን ነው ምንድን ነው ተብሎ አይጠየቅም። እና ሬሳ ዋሻ ውስጥ ጥሎ ወደፊት መሄድ የሚባል ነገር በአእምሯችን አልዞረም። መጽሐፉ ያልጻፈው ግልጽ ስለሆነ ነው ብለን አሰብን። ሰይድ ደንብ አወጣ፤ አንድን ሬሳ ሁለት ሰው ይሸከማል፣ የተሸከመ ሰው ሰይፍ መያዝ አይችልም፣ ሬሳው ወጥቶ ሳይቀበር ጨዋታ አይቀጥልም። እስቲ አስቡት! አንድ ሰው ከሞተ የሁለት ሰው እጅ ተያዘ፤ ጭራቆቹ ከኋላ ይመጣሉ፤ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ይሞታል፤ እሱን ደግሞ ሁለት ይሸከማሉ። አንድ ቅዳሜ አንዱን ጎበዜ ለመቅበር ብለን ሁላችንም አለቅን።

ረጅሙ ይኼን ሲያይ መጀመሪያ በጣም ሳቀ። በአገሩ የሞተውን ሰው ሰይፍና ቦርሳ ወስደው ነው የሚቀጥሉት። ለምን ትሸከሙታላችሁ ብሎ ጠየቀ። ኤልያስ ግራ ገባው። «ታዲያ ማን ይቅበረው?» አለው። ረጅሙ በድርቅ ተፈናቃዮቹ መጠለያ ጠዋት ጠዋት የሚያየውን እኛም እናውቅ ነበር፤ መቆም ያቃተው ሰው ሌላ መቆም ያቃተውን ተደግፎ፣ የጎረቤቱን ልጅ በነጠላ ጠቅልሎ ወደ መቃብር ሲሄድ። ከዚያ ቀን በኋላ በደንባችን ስቆ አያውቅም። ሥራው አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ ሣጥኑን ለእኛ ተወልን።

እሱ ከሄደ በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር ከአንድ ጠብመንጃ ከያዘ ዘበኛ ጋር መጣብን። ጴንጤዎቹ ተሰብስበዋል ብሎ የነገረው ሰው አለ። መጽሐፍ ቅዱስ ሲፈልግ ያገኘው የዋሻውን ካርታ ነው፤ የዘበኞች ክፍል፣ የመሣሪያ ግምጃ ቤት፣ የምስጢር በር፣ ሁሉም በሰይድ የእጅ ጽሑፍ። የአባዬ ፊት አመድ መሰለ። ሰይድ ግን ብድግ ብሎ ወንበር አቀረበና፣ ጓድ ሊቀመንበር ይቀመጡና ራስዎ ይዩት አለ። ሰውየው ተቀመጠ። ጀግና ሰጠነው፣ ዋሻ ገባ፣ አይጧ አገኘችው፣ ሞተ። ይኼው ነው ወይ አለ። ይኼው ነው አልነው። ሊነሳ ሲል የኤልያስ ጎበዜ በራሱ በኩል፣ የእኔዋ አዲሷ እንኮዬ በእግሩ በኩል ሆነን የእሱን ጀግና ሬሳ አነሳን። ጭራቆቹ መጡ፤ አልጣልነውም። እንኮዬ ሞተች፤ አሁንም አልጣልነውም። ደጅ አውጥተን ከዋርካ ሥር ቀበርነው። ሰይድ ቀብሩን ሲተርክ ሊቀመንበሩ ሳያውቀው ቆቡን አወለቀ። ከዚያ ካርታውን ራሱ አጣጥፎ ለአባዬ ሰጠውና ወጣ፤ ስለ ስብሰባ ተመልሶ አልጠየቀንም።

ወፍራሙ መጽሐፍ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ረጅሙ በሌላ ፈረንጅ እጅ ላከልን። ያው ጨዋታ ነው፣ ግን አዲስ እትም፤ ጡብ የሚያክል፣ በቀለም ሥዕል ያጌጠ። ኤልያስ ጓሮ ተቀምጦ ሲያነብ ጮኾ ተነሳ። በአዲሱ ደንብ ነፍስህ ዜሮ ስትገባ አትሞትም! ትወድቃለህ፣ ደምህ ይፈሳል፣ ነፍስህ ከዜሮ በታች በየዙሩ አንድ አንድ እያለች ትወርዳለች፤ አንድ ጓደኛ ደርሶ ቁስልህን ካሰረልህ ግን ትተርፋለህ። ለእኔ ያ ደንብ እንደ ተአምር ነበር። በሞትና በሕይወት መካከል ጓደኛ የሚሮጥበት ቦታ አለ ማለት ነው። ቀጭኑ ላይ ይኼ ቦታ አልነበረም።

ሰይድ አልወደደውም። እዚህ ላይ ነው የሁለቱ ክርክር የጀመረው፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ አንዱ ቀጭኑን ሌላው ወፍራሙን ይዘው አንለቅም አሉ። አንድ ቅዳሜ በቀጭኑ፣ አንድ ቅዳሜ በወፍራሙ እንድንጫወት ያስታረቅኳቸው እኔ ነኝ። ልዩነቱ ዓይን ያወጣ ነበር። በወፍራሙ ቀን ጎበዜ ጭራቅ መሀል ዘሎ ይገባል፣ ይወድቃል፣ ይታሰራል፣ እንደገና ይዘላል፤ ጫጫታው እስከ ጎረቤት ይሰማል። በቀጭኑ ቀን አንዲት በር ለመክፈት ግማሽ ቀን እንማከራለን፤ አንዳችን ስንመታ ሌላው ይጮኻል። ሰይድ ወፍራሙ ሰውን ያባልጋል ይል ነበር። አንድ ጊዜ ከልቡ ሲናገር፣ «ወላሂ፣ ሞት የማይፈራ ሰው ለጓደኛው አይሳሳም» አለ። ኤልያስ ደግሞ፣ «ይተርፋል የሚል ተስፋ ከሌለ ማን ነው ወደ ወደቀ ሰው የሚሮጠው?» አለው። ሁለቱም ልክ ይመስሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ሁለቱ ለሰይድ ዘመድ ሰርግ ደጋን ከተማ ሄዱ። ሲመለሱ አውቶብሳቸው ቆመ፤ አፈሳ ነበር። ወጣት ወንድ ሁሉ ወረደ። የሰርግ ልብሳቸውን እንደለበሱ ወሰዷቸው። እማዬ የኤልያስን ያን ሰፊ ሱሪ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው፤ በየሳምንቱ አጥባ መልሳ ትሰቅለዋለች። ከማሠልጠኛ ወደ ግንባር መሄዳቸውን፣ አንድ ምድብ ውስጥ መሆናቸውን በሰው ሰማን፤ አንድ ላይ በመሆናቸው እግዚአብሔርን አመሰገንን። ሣጥኑን አልጋ ሥር ከተትኩት። ጠጠር ለመጣል እጄ እምቢ አለ።

ከዚያ አንድ ማለዳ የቅሬው ሽማግሌዎች በራችን ላይ ቆሙ። ማለዳ የመጣ ሽማግሌ ምን ይዞ እንደሚመጣ ለወሎ ሰው አይነገረውም። ከግንባር የተመለሰ የሠፈር ወታደር ኤልያስ አንገቱ ላይ ተመትቶ ሲወድቅ በዓይኑ አይቷል፤ ከዚያ ጦሩ አፈገፈገ። እማዬ አልጮኸችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ማን አወጣው?» አለች። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ያን ጊዜ ነው ጩኸቷ የመጣው፤ «ልጄ ሜዳ ላይ ቀረ» እያለች። ድንኳኑን የተከሉት እስላም ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ይገባሉ። የሰይድ እናት ከኩታበር በእግሯ መጥታ እማዬን አቅፋ ተቀመጠች፤ የራሷ ልጅ ይኑር አይኑር ሳታውቅ። እኔ ጓዳ ገብቼ የማስበው ያን የማይረባ ጨዋታ ነበር። ለወረቀት ሰው ስንቴ ሞተንለታል፤ ለወንድሜ አንድ ሰው ጠፋ ብዬ አለቀስኩ።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ፣ ሐዘኑ ገና ጥቁር ልብስ ላይ እያለ፣ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን ነርስ ከደሴ ሆስፒታል እየሮጠች መጣች። ለእማዬ አልነገረችም፤ እኔንና አባዬን ጠርታ ቶሎ ኑ አለችን። ያን ዳገት እንዴት እንደወጣነው አላውቅም። ቁስለኛ በሞላበት ክፍል፣ መስኮት አጠገብ፣ አንገቱና አገጩ በፋሻ የተጠቀለለ ሰው ተኝቷል። ዓይኑን ሳይ አወቅኩት። ኤልያስ ነበር። መናገር አይችልም፤ እንባው ብቻ ወደ ጆሮው ይወርዳል። አባዬ አልጋው ሥር ተንበረከከ። ሰይድ ወለሉ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ትከሻው ተልጦ ቀይ ሥጋ ሆኗል።

ሐኪሙ መጥቶ አንድ ነገር ሊያውቅ እንደሚፈልግ ነገረን። የዚህን ሰው ደም ያቆመው ግንባር ላይ የታሰረለት ጨርቅ ነው፤ ከአገጩ ሥር ተነሥቶ አናቱ ላይ ጠበቅ ተደርጎ የታሰረ፣ ልክ ቁስሉ ላይ የተጫነ። እንዲህ ማሰር ማን አስተማረህ ብሎ ሰይድን ጠየቀው። እኔ ወፍራሙ መጽሐፍ ትዝ አለኝ። በመጨረሻ የኤልያስን ደንብ ተቀበለ፣ ይተርፋል ብሎ ሮጦ አሰረው ብዬ ልቤ ሞላ። ሰይድ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«እኔ ቁስል አላሰርኩም» አለ። «ሬሳ ነው ያሰርኩት። ሞቶ ነበር እኮ። ጆሮዬን ደረቱ ላይ አድርጌ ሰምቻለሁ፣ ምንም የለም። ሁሉም ተወው አሉኝ። አፉ እንደተከፈተ እንዳይቀር ጥምጥሜን ቀድጄ አገጩን አሰርኩለት፣ ዓይኑን ከደንኩለትና ተሸከምኩት። ጀንበር ስታዘቀዝቅ አንድ ወንዝ ዳር አወረድኩት። ጉድጓዱን በሳንጃ ጉልበቴ ድረስ ቆፍሬለት ነበር። ከዚያ እህህ ብሎ ሳለ።»

ሰይድ ሬሳው ሲስል ሰምቶ ሳንጃውን ጥሎ እንደሸሸ፣ ከዚያ እያለቀሰ ተመልሶ እስከ መኪና መንገድ እንደተሸከመው፣ የቁስለኛ መኪናም ደሴ እንዳደረሳቸው ነገረን። ከወራት በኋላ ኤልያስ ድምፁ ሲመለስ የመጀመሪያ ቀልዱ ይኼ ነበር፤ ስንት ጭራቅ ያልፈራ ሰው እኔን ፈርቶ ሸሸ እያለ ይስቅበት ነበር። ወፍራሙ መጽሐፍ አሸነፈ ይለዋል፤ ታስሬ ተርፌያለሁ አይደል ወይ ይለዋል። ሰይድም አይሸነፍም። «አንተ በወፍራሙ ተርፈህ ይሆናል» ይለው ነበር። «እኔ የተሸከምኩህ ግን በቀጭኑ ነው።»

ይኼን ነገር ስንት ዓመት አሰብኩት። ለሚተርፍ ሰው ሁሉም ይሮጣል፤ ተስፋው ያስሮጠዋል። ከኋላው ጥይት እየጮኸ፣ ምንም ላይመልስለት፣ ምስጋና እንኳ ላይሰማ፣ ለአንድ ሬሳ ትከሻውን ያስላጠ ሰው ግን ምን ይባላል? ለናቲና ለጓደኞቹ እስከዚህ ድረስ ነገርኳቸው። ናቲ፣ «ታዲያ እማማ፣ የትኛው እትም ነው የሚከብደው?» አለኝ። ልጄ፣ አላውቅም አልኩት። ሻዬ ቀዝቅዞ ነበር።

ኩታበር የቀበርነው ሰይድን ነበር። እኛ ሴቶች ደጃፍ ላይ ቆመን ነው ጀናዛው ሲወጣ ያየነው። ቃሬዛውን ከፊት በቀኝ በኩል የያዘው ኤልያስ ነበር፤ ስድሳን ያለፈ፣ ወገቡ የጎበጠ፣ አገጩ ሥር ያ ጠባሳ ያለበት ጴንጤ ሽማግሌ። የመንደሩ ጎረምሶች አባት ያምጡ፣ እኛ እንቀበልዎት፣ ዳገት ነው እያሉ እየተሯሯጡ ትከሻቸውን አቀረቡለት። መቃብሩ እስኪደርስ አልሰጣቸውም።

«ተዉኝ» አላቸው። «ተራው የእኔ ነው።»